«ግማሹን በይ» የሚለው ምክር ለምን አያዋጣም

ጥያቄ፦ ለእህቴ ሠርግ የሀገር ልብስ ለመግዛት ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ሻጯ 12,000 ብር አለችኝ። እናቴ ዘወትር «ከጠሩልሽ ዋጋ ግማሹን በይ» ስለምትለኝ ከ6,000 ጀመርኩ። ተከራክረን፣ ወጥቼ ተመልሼ፣ በ7,500 ብር ተስማማን፤ ነጠላም መረቀችልኝ። 4,500 ብር አስቀነስኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤቴ ያንኑ የመሰለ ቀሚስ በ5,000 ብር እንደገዛች ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ቀሚሱን ባየሁት ቁጥር እናደዳለሁ። ተታልያለሁ ማለት ነው? ልብሱ ያው ሆኖ ሳለ ደስታዬ የት ሄደ? በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሶፋ ላሠራ ነው፤ ምን ይመክሩኛል?

ምላሽ፦ ከእናትዎ ምክር ልነሳ። «ግማሹን በይ» የሚለውን ያልሰማ ገበያተኛ የለም፤ ሻጮችም ሰምተውታል። ሻጯ 12,000 ስትል የእርስዎ መነሻ 6,000 ሆነ። 9,000 ብላ ቢሆን ኖሮ 4,500 ብለው ይጀምሩ ነበር። ቀሚሱም የእርስዎም አቅም እንዳለ ነው፤ የሚለየው የእርሷ አፍ ያወጣው ቁጥር ብቻ ነው። እንግዲህ ግማሹን ሲሉ ዋጋውን የተቃወሙ ይመስልዎታል እንጂ መነሻዎን የተከሉት እርሷ ባሰመረችው መስመር ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ክርክሩ በ6,000 እና በ12,000 መካከል ነው፤ ጎረቤትዎ የከፈለችው 5,000 ገና ሳትነጋገሩ ከሜዳው ወጥቷል። ደንበኛ ሁሉ ግማሹን እንደሚጠራ የሚያውቅ ነጋዴ ደግሞ ግማሹ እንኳ እንዲያዋጣው አድርጎ ይጠራል።

መጀመሪያ የሰማነው ቁጥር ግምታችንን እንዲህ ወደ ራሱ ሲስብ በሥነ ልቦና ትምህርት የመልህቅ ውጤት ይባላል። ዳንኤል ካነማን እና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ የገለጹት ሙከራ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በተሳታፊዎች ፊት ከ0 እስከ 100 ቁጥር የተጻፈበት መንኰራኩር ይሽከረከራል። የሚቆመው ግን 10 ወይም 65 ላይ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ነበር የተሠራው። ከዚያ ተሳታፊዎቹ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ድርሻ ከመቶ ስንት እንደሆነ እንዲገምቱ ይጠየቃሉ። 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሲሆን፣ 65 የወጣላቸው ግን 45 አሉ። መንኰራኩር ስለ አፍሪካ ምን ያውቃል? ሻጯ ግን ስለ ቀሚሱ በእርግጥ ታውቃለች፤ ስለዚህ የእርሷ ቁጥር ከመንኰራኩሩ ይበልጥ አጥብቆ ቢይዝዎት አይፈረድብዎትም።

«ዋጋ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይያዝም» የሚል ሰው አይጠፋም። ግሪጎሪ ኖርዝክራፍት እና ማርጋሬት ኒል እ.ኤ.አ. በ1987 ይህንኑ በአሪዞና ግዛት በምትገኘው በቱሳን ከተማ ፈተሹት። ቤት መሸጥ ሥራቸው የሆነ ባለሙያዎችን አንድ ለሽያጭ የቀረበ ቤት ገብተው እንዲያዩና እንዲገምቱ አደረጉ። ስለ ቤቱና ስለ አካባቢው የተዘጋጀ ብዙ ገጽ መረጃም ሰጧቸው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነበር፦ ባለቤቱ የጠራው ዋጋ ተብሎ ለአንዳንዶቹ 65,900 ዶላር፣ ለአንዳንዶቹ 83,900 ዶላር፣ ለሌሎቹ ደግሞ በመካከል ያለ ዋጋ ተጻፈላቸው። ከፍ ያለውን ያዩት ባለሙያዎች ቤቱን ከፍ አድርገው ገመቱት። ምን ላይ ተመሥርተው እንደገመቱ ሲጠየቁ ግን የተጠራውን ዋጋ የጠቀሱት ጥቂቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ስለ ቤቱ ይዞታና ስለ ሰፈሩ አስረዱ። ለእኔ ከውጤቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። የሰማነው ቁጥር ውስጣችን ገብቶ የራሳችን ሐሳብ መስሎ ይወጣል።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩን የሚያባብስ ሁኔታ አለ። ዋጋ በተረጋጋበት ዘመን ሰው ከራሱ ትዝታ ጋር ያመሳክራል፤ «አምና በዚህ ገዝቻለሁ» ይላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ግን በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ክርና ጨርቅ፣ ስፖንጅና ቀለም የሚገዛ ሰው ሁሉ አዲስ ዋጋ ለመደ። የትናንት ትዝታችን ሚዛን መሆኑ ሲቀር ባዶውን ቦታ የሚሞላው መጀመሪያ የሰማነው ቁጥር ነው። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው በአሮጌው ዋጋ ላይ ሙጭጭ ብሎ ተገቢውን ዋጋ ሁሉ እንደ ዝርፊያ ይቆጥራል። እርሱም የመልህቅ እስረኛ ነው፤ የተያዘው በራሱ ትዝታ መሆኑ ብቻ ይለየዋል።

አሁን ወደ ደስታዎ ልምጣ። በኢኮኖሚ ሳይንስ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሪቻርድ ቴለር፣ በ1985 ባወጣው ጽሑፉ ከአንድ ግዢ ሁለት ዓይነት እርካታ እንደምናገኝ ያስረዳል። አንደኛው ዕቃው ራሱ የሚሰጠን ነው፦ ልብሱ ያምራል፣ ይሞቃል፣ ሠርግ ላይ ያስከብራል። ሁለተኛው ከንግዱ የሚገኝ ነው፤ ይከፈላል ብለን በጠበቅነውና በከፈልነው መካከል ያለው ልዩነት የሚፈጥረው ደስታ። እርስዎ ሁለቱንም ይዘው ቤት ገቡ። ሁለተኛው ግን የቆመው 12,000 በሚለው ቁጥር ላይ ብቻ ስለነበር፣ ጎረቤትዎ 5,000 ስትል በአንድ ጊዜ ተናደ። «አስቀነስኩት» ያሉት 4,500 ብር «ከሰርኩት» ወደሚሉት 2,500 ብር ተገለበጠ። ኪስዎ ውስጥ ያለው ገንዘብ ግን ጎረቤትዎ ከመናገሯ በፊትም በኋላም ያው ነው። ቀሚሱም ያው ነው፤ የመጀመሪያው እርካታ አሁንም አለዎት፣ ንዴቱ ስለሸፈነው ነው የማይታይዎት።

ይህ የንግድ ደስታ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማየት ጄሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ የመደብር ኩባንያ የደረሰበትን ማየት ይበቃል። ከአፕል መጥቶ ኩባንያውን መምራት የጀመረው ሮን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ቅን የሚመስል ውሳኔ ወሰነ። ዋጋን አስቀድሞ ሰቅሎ ከዚያ «ቅናሽ» ማለት ይቅር፤ ከመጀመሪያው ዝቅ ያለና ቁርጥ ያለ ዋጋ እንጻፍ አለ። ደንበኛው ይደሰታል ተብሎ ነበር። በዚያ ዓመት የኩባንያው ሽያጭ ሩብ ያህል አሽቆለቆለ፤ ጆንሰን በሚያዝያ 2013 ተሰናበተ፣ ኩባንያውም ወደ ቅናሹና ወደ ኩፖኑ ተመለሰ። ሸማቾቹ በቅናሽ ስም ይከፍሉት የነበረው የመጨረሻ ዋጋ ከአዲሱ ዋጋ ብዙም አይለይም ነበር። የጎደላቸው «አስቀነስኩ፣ አሸነፍኩ» የሚሉበት ነገር ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ አንዲት ነጋዴ ገና ሲገቡ «5,500 ነው፣ አይቀነስም» ብትልዎት ኖሮ ምን ያደርጉ እንደነበር እስቲ በሐቅ ያስቡት። ብዙዎቻችን «ይህቺ ግትር» ብለን ወጥተን፣ ሁለት ሱቅ አልፈን፣ ከ12,000 ወደ 7,500 የወረደውን በደስታ እንገዛለን። እኔ እንደማምነው የተጋነነ የመጀመሪያ ዋጋ የሻጮች ክፋት ብቻ የፈጠረው አይደለም፤ እኛም ያለ ቅናሽ አንገዛም እያልን አሳድገነዋል።

በድርድሩ መካከል የሆነውንም ልብ ይበሉት። ሻጯ ዋጋ ከመጥራቷ በፊት ቀሚሱን ከተሰቀለበት አውርዳ ትከሻዎ ላይ ሳታደርገው አልቀረችም። ጥለቱን በመዳፍዎ እንዲዳስሱት፣ ለብሰውት መስታወት ፊት እንዲቆሙ፣ ከኋላም እንዲያዩት ታደርጋለች፤ ነጠላውን አጣፍታ ታለብስዎታለች። ከዚያ ነው «ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው። ጆአን ፔክ እና ሱዛን ሹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ሰው የዳሰሰውን ዕቃ ገና ሳይገዛው የራሱ አድርጎ መቁጠር እንደሚጀምር አሳይተዋል። የራሳችን ያልነውን ነገር መልሶ መስቀል ደግሞ ከማጣት ይቆጠራል። ስለዚህ ወጥተው የተመለሱት ዋጋው ስላጓጓዎት ብቻ ላይሆን ይችላል፤ በመስታወቱ ውስጥ ያዩዋት ሴትዮ ቀሚሱን ለብሳ ነበር። ነጠላው ሲመረቅልዎት ደግሞ ነገሩ አለቀ። ምርቃት የተቀበለ ሰው ከዚያ በኋላ 200 ብር ቀንሱልኝ ማለት ያሳፍረዋል፤ ባህላችንም ያንን አይወድም።

ታዲያ ተታለሉ ወይ? ጨርቁ ምን እንደሆነ ሳላይ በአንድ ቃል መመለስ ይከብደኛል፤ መለያውን ግን ልስጥዎት። ሻጯ ከውጭ የመጣውን በማሽን የታተመ ጥበብ መሰል ጨርቅ የሸማኔ ሥራ ነው ብላ ከሸጠችልዎት፣ ወይም የማሽኑን ጥልፍ የእጅ ጥልፍ ካለችው፣ አዎ፣ ተታለዋል፤ ሄደው መጠየቅ መብትዎ ነው። ስለ ዕቃው እውነቱን ነግራዎት ዋጋውን ከፍ አድርጋ ከጠራች ግን እርስዎም ዝቅ አድርገው ጠርተዋል፤ ይህ የገበያው ወግ ነው። «መግዣውም አይደለም፣ ለአንቺ ብዬ ነው እህቴ» የሚለውን ቃል እንደ መሐላ የሚወስደው ያለ አይመስለኝም። ደግሞ «ያንኑ የመሰለ» የሚለውን ይመርምሩት። ፈትልና መነን ከሩቅ ይመሳሰላሉ። የጥለቱ ስፋት፣ ከኋላ የተሠራው ሥራ፣ የክሩ ዓይነት ዋጋውን በሺህ ብር ይለያየዋል። የጎረቤትዎን ቀሚስ ከእርስዎ ጋር ጎን ለጎን ገልብጠው በውስጥ በኩል ካላዩት ገና አላነጻጸሩም።

አንድ ነገር ልጨምር። ክሊፈርድ ጊርትዝ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በሞሮኮዋ ሰፍሩ ከተማ ገበያ ላይ ያጠናውን መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1978 የጻፈው አጭር ጽሑፍ አለ። በእንዲህ ያለ ገበያ ዋነኛው የጎደለ ሸቀጥ መረጃ ነው ይላል፤ የዕቃው ጥራት፣ ትክክለኛው ዋጋ፣ ማን ምን እንዳለው። ሰው መረጃውን የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው፤ በክርክር እና በደንበኝነት። መርካቶን ወይም ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ሰው ይህንን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ጎረቤትዎ በ5,000 የገዛችው ምናልባት ሦስት ቅዳሜ ዞራ ነው፤ ምናልባትም ለዓመታት ከአንዲት ሴትዮ ሲገዙ ከኖሩ ዘመዶቿ ጋር ሄዳ ነው። የእርስዎ 2,500 ብር ከፊሉ ያልዞሩት ዙረት ዋጋ ነው። ለሠርግ ሳምንት ሲቀረው ያን መክፈል ሞኝነት ላይሆን ይችላል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚገዛ ሰው ዙረቱን በሙሉ ለብቻው ቢሸከም አያዋጣውም፤ በየበዓሉ የሚገዛ ቤተሰብ ግን አንዲት ታማኝ ሻጭ ይዞ እርሷንም በታማኝነት ቢመላለስባት ከማንኛውም የክርክር ጥበብ ይበልጥ ይጠቀማል።

ሶፋው ላይ ግን ነገሩ ጠንከር ይላል፤ ገንዘቡ ብዙ ነው።

የትልቅ ግዢ አንዱ ጠላት ትልቅነቱ ራሱ ነው። ትቨርስኪ እና ካነማን እ.ኤ.አ. በ1981 ሰዎችን እንዲህ ብለው ጠየቁ፦ ልትገዙት የመጣችሁት ካልኩሌተር 20 ደቂቃ በመኪና በሚያስሄድ ሌላ ሱቅ በ5 ዶላር ይረክሳል፤ ትሄዳላችሁ? ካልኩሌተሩ 15 ዶላር ሲሆን 68 ከመቶው እንሄዳለን አሉ። 125 ዶላር ሲሆን ግን እንሄዳለን ያሉት 29 ከመቶ ብቻ ነበሩ። 5 ዶላሩ በሁለቱም ያው 5 ዶላር ነው። እኛም ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት በ5 ብር ተጨቃጭቀን ስናበቃ ባለሶፋው «80,000 ብር፤ ጨርቁን ቀይረን በዚህኛው ካደረግነው 83,000» ሲል ጭማሪው ዓይናችን ውስጥ አይገባም። ይህ 3,000 ብር ሽሮ ሜዳ ላይ በጎረቤትዎ ምክንያት ከሚያብሰለስልዎት 2,500 ብር ይበልጣል። ስለዚህ ጭማሪ በተነሳ ቁጥር ከሶፋው ዋጋ ጋር ሳይሆን ቤት ውስጥ ከሚያስፈልግ ሌላ ነገር ጋር ያስተያዩት። ሼን ፍሬደሪክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ሙከራ፣ 14.99 ዶላር የሚያወጣ የቪዲዮ ዲስክ ትገዛላችሁ ወይስ አትገዙም ሲባሉ 75 ከመቶው እንገዛለን አሉ። «አትገዙም» የሚለው ምርጫ «14.99 ዶላሩን ለሌላ ግዢ ታስቀምጣላችሁ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ቁጥሩ ወደ 55 ወረደ። የተነገራቸው አዲስ ነገር አልነበረም፤ የሚያውቁት ነገር ፊታቸው ቀረበላቸው እንጂ።

ሁለተኛው ቀብድ ነው። ሶፋ በትእዛዝ ሲሠራ ቀብድ ይከፈላል፤ ከሳምንት በኋላ ይደወልልዎትና «ስፖንጅ ጨምሯል፣ 4,000 ብር ይጨመርበት» ይባላል። ሮበርት ቻልዲኒ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተሙት ጥናት ይህንን ይመስላል። ተማሪዎችን በአንድ ሙከራ እንዲሳተፉ ጠየቋቸው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መሆኑ አስቀድሞ ከተነገራቸው የተስማሙት 31 ከመቶ ነበሩ። መጀመሪያ እሺ አስብለው ሰዓቱን በኋላ የነገሯቸው ግን 56 ከመቶው እሺታቸውን አላጠፉም። እሺ ያለ አፍ መመለስ ይከብደዋል፤ ቀብድ የከፈለ ደግሞ ይብሱን። መድኃኒቱ ጭማሪው ሲመጣ መቆጣት ሳይሆን ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ዋጋው፣ የእንጨቱና የስፖንጁ ዓይነት፣ የሚያልቅበት ቀን በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ነው። ቀብዱንም በተቻለ መጠን አነስተኛ ያድርጉት። የተቀመጡበት ናሙናና ቤትዎ የሚመጣው ሶፋ በውስጥ በኩል አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉ፣ ጨርቅ ከመልበሱ በፊት አንድ ቀን ሄደው አጽሙን ይዩት።

አከፋፈሉን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ድራዘን ፕሬሌክ እና ደንከን ሲሜስተር እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳዩት፣ ለአንድ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ቲኬት በክሬዲት ካርድ እንዲከፍሉ የተነገራቸው ተማሪዎች በጥሬ ገንዘብ ከሚከፍሉት ሁለት እጥፍ ያህል ዋጋ አቀረቡ። ክሬዲት ካርድ ብድር ነውና ከቴሌብር ጋር አንድ አይደለም፤ ቢሆንም ብር ቆጥሮ ማስረከብና ስልክ ላይ አራት ቁጥር መንካት ለእጅም ለልብም እኩል አይከብዱም። 80,000 ብር በጥሬው ተሸክመው ይሂዱ አልልዎትም። ዋጋውን ተስማምተው ሳይጨርሱ ስልክዎን ከቦርሳ አያውጡ፤ ይበቃል።

የድርድሩን ቁጥር ደግሞ ከቤትዎ ይዘው ይሂዱ። አዳም ጋሊንስኪ እና ቶማስ ሙስዋይለር እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ዋጋ ቀድሞ የጠራ ወገን የተሻለ ውጤት ያገኛል። ሌላኛው ወገን ግን በራሱ ግብ ላይ ወይም ተደራዳሪው ባይስማማ ምን እንደሚቀረው ላይ ካሰበ፣ ያ ብልጫ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ያለምንም የመግዛት ሐሳብ፣ ቀብድም ገንዘብም ሳይዙ፣ ጥቂት ሱቆችን ይዙሩ። በየሱቁ የሰሙትን ከስፖንጁና ከእንጨቱ ዓይነት ጋር ይጻፉ። ቤት ገብተው፣ ከሻጭ ድምፅ ርቀው፣ ሁለት ቁጥር ይቁረጡ፤ አንዱ የሚጀምሩበት፣ ሌላው የማያልፉት። ሁለተኛውን ለማንም አይንገሩ፤ አብራዎት ለምትሄደው እህትዎ እንኳ ባይነግሯት ይሻላል፣ ፊቷ ይናገርብዎታልና። ከዚያ ሱቅ ሲገቡ «ስንት ነው?» ብለው አይጀምሩ። «በዚህ ዓይነት ስፖንጅ፣ በዚህ እንጨት፣ በ60,000 ትሠራልኛለህ?» ይበሉ። ዋጋውን ሳያጣሩ ቀድሞ መጥራት ግን አደገኛ ነው፤ ሻጩ ከሚጠብቀው በላይ ጠርተው «እሺ» ቢልዎት መመለሻ የለም።

«የመጨረሻ ስንት ነው?» የሚለውንም ጥያቄ ቢተዉት ደስ ይለኛል። የክርክር ጥያቄ ይመስላል እንጂ ዋጋ የመጥራቱን ዕድል መልሶ ለሻጩ መስጠት ነው፤ እርሱ «የመጨረሻ» ያለው ከዚያ በኋላ አዲሱ መነሻ ይሆናል። እርሱ ዋጋ ከጠራ ከጠራው ላይ አይቀንሱ፤ «እኔ የያዝኩት ይህን ነው» ብለው ወደ ራስዎ ቁጥር ይመለሱ። ካልተስማማችሁ አመስግነው ይውጡ። «ይመለሱ» ብሎ ከጠራዎት ቁጥርዎ ይሠራል ማለት ነው። ካልጠራዎት ደግሞ በዚያ ዋጋ እንደማያዋጣው ነግሮዎታል፤ ሁለት ሦስት ሱቅ እንዲሁ በዝምታ ካሰናበተዎት፣ ያሳነሱት እርስዎ ነዎትና ቁጥሩን ቤትዎ ገብተው ያሻሽሉት።